የፀሐይ ወረፋ

«አየህ?»

«አየሁ።»

«ጎበዝ። ቀጣይ።»

ልጁ ከመሰላሉ ዘሎ ወረደና ሌላዋ ወጣች። አስጎብኚዋ አንድ እጇን መሰላሉ ላይ አሳርፋ፣ በሌላው የሚወጡትን ልጆች ጀርባ ደገፍ እያደረገች፣ ዓይኗን ወረፋው ላይ ጥላ ነበር። ወረፋው ከቴሌስኮፑ እግር ተነስቶ ክቡን ግድግዳ ተከትሎ በሩ ድረስ ይሄድ የነበረው አሁን አጥሮ ጥቂት ልጆች ቀርተዋል። ጉልላቱ በአንድ ጎኑ ተከፍቷል፤ የረፋዱ ብርሃን በክፍተቱ ገብቶ ሲሚንቶው ላይ ረጅም መስመር ሠርቷል። ልጆቹ መስመሩን ላለመርገጥ ይዘሉታል። ማን እንዳዘዛቸው አይታወቅም።

«አየሽ?»

«አየሁ ቲቸር። ታምራለች።»

«ቀጣይ። አንተ አትግፋ፤ ፀሐይዋ የትም አትሄድብህም።»

ከተማሪዎቹ መጨረሻ የወጣችው ልጅ ከክፍሉ ሁሉ ረዘም ትላለች። የሹራቧ እጅጌ ጣቶቿን ሸፍኗል። ጎንበስ ብላ ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገችና ቆየች።

«አየሽ?»

«አላየሁም።»

«ጠጋ በይ። አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«ጨፍኛለሁ።»

«እሺ፣ አሁንስ?»

«ጨለማ ነው።»

አይተው ጨርሰው ግድግዳው ስር የተኮለኮሉት ልጆች ዞር አሉ። በሩ ላይ የአውቶቡሱ ሾፌር ቁልፉን እያንቃጨለ ነው። አስጎብኚዋ መልስ ለመፈለግ አልተቸገረችም፤ ቀልዱ በራሱ ጊዜ መጣላት።

«ጨለማውማ አንቺ ዓይን ውስጥ ነው እንጂ ፀሐይዋ እዛው ናት። ይሄ ሁሉ ሰው ያያትን አንቺ ብቻ እንዴት አጣሻት የኔ ልጅ? ቆመሽ ነው እንዴ የምትተኚው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጉልላት ውስጥ ሳቅ ተመልሶ ይመጣል፤ የአንድ ክፍል ሳቅ የሁለት ይሆናል። አስጎብኚዋ ሳቁን ወደደችው። ወደ ልጆቹ ዞር ብላም ፈገግ አለች።

ልጅቷ ዓይኗን መለሰች። በዚህኛው ይበልጥ ቆየች። ጣቶቿ ከእጅጌው ወጥተው የመሰላሉን ብረት ጨበጡ።

«አየሁ» አለች።

«አላልኩም?» አለች አስጎብኚዋ፤ ቀድማ ያጨበጨበችውም እሷ ናት። ክፍሉ ተከትሏት አጨበጨበ። ልጅቷ ማንንም ሳታይ ወረደች።

ከሷ ቀጥሎ አስተማሪው ወጣ። ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጎንበስ አለና ትንሽ ቆይቶ ተነሳ።

«ግሩም ነው» አለ ሲወርድ። «እንዲህ ቅርብ ትመስላለች ብዬ በፍጹም አልጠበቅኩም።»

አስጎብኚዋ ሃምሳን አልፋለች። የኮከብ መመልከቻው ለትምህርት ቤቶች በሩን ሲከፍት ጀምሮ እዚህ ናት። ከዚያ በፊት አንደኛ ደረጃ ሳይንስ ታስተምር ነበር፤ ፀሐይን ቢጫ ጠመኔ እያዞረች ሰሌዳ ላይ ትስላለች፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ጥቁር ዳስተሩ ያጠፋታል። አንድ ቀን ክፍሏን ይዛ መጣችና በተራዋ ቴሌስኮፑ ውስጥ አየች። ቢጫ አልነበረችም። ብርቱካናማ ሆና ጨለማ ላይ ተንጠልጥላ፣ ጠርዟ እንደ ፈላ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗን አላነሳም ብላ ስትቆይ የገዛ ተማሪዎቿ «ቲቸር፣ ወረፋ ነው እኮ» አሏት። በዓመቱ ማስተማሩን ትታ እዚህ ተቀጠረች።

ባሏ አውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። «የሰማይ አስተናጋጅ» ይላታል። ወደ ቤት ስትገባ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ዛሬስ ስንት ተሳፋሪ ነበረሽ? ሁሉም በሰላም ወረዱ?»

ሁሉም በሰላም ይወርዱ ነበር። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ፣ ዘመድ ቤት ስትጫወት፣ ጎረቤት ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት የምትናገራት አንዲት ነገር አለቻት፦ «እኔ እጅ ገብቶ ሳያይ የወጣ ልጅ የለም።» እውነቷን ነው። የሚፈራ አለ፤ እጁን ይዛ ታወጣዋለች። አጭር አለ፤ ሳጥን ታቆምለታለች። ቀዳዳው ላይ ዓይኑን ማስተካከል የሚያቅተው አለ፤ አገጩን በሁለት ጣት ይዛ ታስተካክለዋለች። ሌላ የምትኮራበት ብዙ ነገር የላትም። ይህችን ግን ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአራት አምስት ልጅ በኋላ መሰላሉን ወጥታ ራሷ ታይ ነበር። ከዚያ ክፍሎቹ በዙ፤ ጉልበቷም መሰላል አልወድ አለ። ልጆቹን መጠየቅ ይበቃል አለች። «አየሽ?» «አየሁ።» «ቀጣይ።» ወረፋው እንደ ዳቦ ቤት ወረፋ ይሄዳል።

ክፍሉ ለሥዕል ወደ ታችኛው አዳራሽ ወረደ። የልማድ ነው፤ ልጆቹ ፀሐይን ካዩ በኋላ ያዩትን በባለቀለም እርሳስ ይስላሉ። አስጎብኚዋ ቴሌስኮፑን ለመሸፈን ቀረች። ከመሸፈኗ በፊት፣ አስተማሪው ግሩም ስላለ ይሁን ቀኑ ጥርት ያለ ስለነበረ፣ አንዴ ማየት አማራት። መሰላሉን እያቃሰተች ወጣችና ዓይኗን አስጠጋች።

ጨለማ ነበር።

ዓይኗን አነሳች፣ ጠረገች፣ መለሰች። ጨለማ። የፀሐይ ማጣሪያ የተገጠመለት ቴሌስኮፕ ፀሐይዋን ካልያዘ ሌላ የሚያሳየው የለም፤ ሰማዩም፣ ደመናውም፣ ወፉም አይታይም። ጥቁር ብቻ ነው።

ቴሌስኮፑን ፀሐይዋን እያስከተለ የሚያዞረው ትንሽ ሞተር አለ፤ ሲሠራ እንደ ንብ ጥዝ ይላል። አሁን ዝም ብሏል። ወደ ግድግዳው አየች። ጉልላቱ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው። ሶኬቱ ላይ የተሰካው የድምፅ ማጉያው ገመድ ነበር። የሞተሩ ስፒና መሬት ላይ ተጋድሟል።

አስታወሰች። የሶኬት ማከፋፈያውን የመመልከቻው ኃላፊ ለስብሰባ ብሎ ጠዋት ወስዶታል። የመጀመሪያዎቹ ልጆች አይተው ሲወርዱ ከበሩ በኩል ያሉት ተንጫጩ፤ ድምፅዋም አልሰማ አለ። ለአንድ አፍታ ብላ የሞተሩን ስፒና ነቀለች፣ ማጉያውን ሰካች፣ «ልጆች፣ ሰልፍ» አለች። ከዚያ «አየህ?» «አየሁ።» «ቀጣይ።»

ሞተሩ ከቆመ ፀሐይዋ ከቀዳዳው ለመውጣት ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አይፈጅባትም። ጠርዟ መጀመሪያ ይቆረሳል፣ ከዚያ ግማሽ ትሆናለች፣ ከዚያ ጭራሽ የለችም። ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ልጆች ቀጥሎ የወጣ አንድ ልጅ ግማሽ ፀሐይ አይቶ ዝም ብሎ ወርዷል። ከሱ በኋላ የወጣው ጥቁር አይቶ «አየሁ» ብሏል። ከዚያ በኋላ ያሉትም ሁሉ፣ እስከዚያች ልጅ።

አስተማሪው ትዝ ሲላት ደግሞ ከመሰላሉ ሳትወርድ ተቀመጠች።

ወርዳ ስፒናውን መልሳ ሰካች። ቴሌስኮፑን በእጇ ገፋ ገፋ አድርጋ ፀሐይዋን አገኘቻት። ያለ ምንም ነጠብጣብ፣ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹህ ነበረች። አውቶቡሱ ገና አልሄደም። ልጆቹ ከስር ናቸው። ወርዳ «ተመለሱ፣ ተሳስቼ ነው» ማለት ትችላለች። ሾፌሩ ያጉረመርማል፣ ኃላፊው «ምን ሆነ?» ይላል፤ ከዚህ ሌላ የሚመጣ ነገር አልነበረም። ደረጃውን ስትወርድ እንደዚያ ልታደርግ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ይስላሉ። ግድግዳው ላይ የፀሐይ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ የድሮ ነው፣ ሦስት ትልልቅ ጥቁር ነጠብጣቦች አሉት። አስጎብኚዋ በልጆቹ ትከሻ ላይ እያየች አለፈች። ብርቱካናማ ክብ፣ ሦስት ነጠብጣብ። ቢጫ ክብ፣ ሦስት ነጠብጣብ። አንዱ ሁለት ብቻ ስሎ ጎረቤቱን አየና ሦስተኛውን ጨመረ። አንዱ ዓይንና አፍ አድርጎላታል፤ እሱ እንኳ ከሁሉም ይሻላል።

ረጅሟ ልጅ ጥግ ላይ ናት። ወረቀቷን በክንዷ ከልላ ከጎኗ ካለችው ልጅ ትገለብጣለች። አስጎብኚዋ ስትጠጋ ክንዷን አነሳች። ብርቱካናማ ክብ፣ ሦስት ነጠብጣብ። የተጠነቀቀች፣ ከሁሉም የጸዳች ሥዕል ናት።

«ልክ ነው?» አለች ልጅቷ።

የጠየቀችው በቀጥታ ዓይኗን እያየች ነው። ፌዝ አልነበረበትም። የምር ልታውቅ ፈልጋለች።

በዚህ መሃል ኃላፊው ከስብሰባ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ማከፋፈያው በእጁ ነው። «አቤት አቤት!» አለ ሥዕሎቹን እያየ። «እንዲህ ነው እንጂ! ይሄን ግድግዳው ላይ ነው የምንለጥፈው። ሰው ሲመጣ እንዲያይ።»

«ልክ ነው» አለች አስጎብኚዋ ለልጅቷ። «ጎበዝ።»

አውቶቡሱ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ እጇን አውለበለበች።

ማታ ባሏ ሬዲዮውን ፈታቶ ጠረጴዛውን በብሎን ሞልቶት አገኘችው።

«የሰማይ አስተናጋጅ፣ ዛሬስ? በሰላም ወረዱ?»

ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጣለች። ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ፊቱ መጥታ ተቀመጠች። ከዚያ ነገረችው። ሲሰማ ብሎኖቹን በአንድ በኩል ሰበሰበ።

«ሞተሩ ነው እንግዲህ» አለ። «ሞተር ይቆማል። እኔ ስንቱን ሞተር አይቻለሁ።»

«ሞተሩ አልቆመም። እኔ ነቀልኩት።»

«ይሁን። ነቅለሽ ረሳሽ። ነገ ደውለሽ ‹ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር፣ ተመልሳችሁ ኑ› በያቸው።»

«ማሽን አልተበላሸም እያልኩህ!»

«ለምን ትጮሂብኛለሽ? እኔ አይደለሁ የነቀልኩት።» ብሎን አንስቶ በመብራቱ አየው። «ልጆች ናቸው፤ እስካሁን ረስተውታል።»

«ልጅቷን አሳቅኩባት።»

ብሎኑን አስቀመጠ። ከዚያ፣ ሊያስቃት ነው መሰል፣ «እኔን ስንት ጊዜ ነው ‹አይታይህም ወይ› ብለሽ ያሳቅሽብኝ?» አለ። «እህትሽ ፊት፣ ልጆቹ ፊት። ይቅርታ ተጠይቄ አላውቅም።»

«አንተ እውነትም አይታይህም።»

«ይኸው!» አለ። ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ትንሽ ቆይቶ «ሂጂና ንገሪያቸው በቃ» አለና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። «እዚህ ቁጭ ብለሽ ለኔ ብትነግሪኝ እኔ ምን አደርግልሻለሁ።»

በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ አልሄደችም። ሥዕሎቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ ኃላፊው ራሱ ነው ያስለጠፋቸው፤ ከላይም «ፀሐይን በዓይናችን አየን» ብሎ በትልቁ አጽፎበታል። ሌሎች ክፍሎች መጡ። ልጆቹ ከጉልላቱ ወርደው ሲስሉ ፖስተሩን ትተው ከነዚህ ሥዕሎች መገልበጥ ጀመሩ። እሷ አሁን ከእያንዳንዱ ልጅ በፊት መሰላሉን ትወጣለች። ጉልበቷ አበጠ። «ምን ነካሽ?» ላላት ሁሉ «እንቅስቃሴ ጥሩ ነው» ትላለች። አንድ ጎብኚ «እዚህ ቤት ሳያይ የሚወጣ ልጅ የለም አሉ» ሲላት ወደ መጠጥ ውኃው ቧንቧ ሄደች፤ ሳይጠማት ጠጣች።

ሳምንቱን እንዲህ አሳለፈች። ከዚያ አንድ ጠዋት የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ በታክሲ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

አስተማሪውን ያገኘችው መምህራን ክፍል ውስጥ ነው፤ ደብተር እያረመ። ሲያያት ብድግ አለ።

«እትዬ! ምነው በደህና? ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«በደህና ነው። የዚያን ቀን ስለታየው ነገር ነው የመጣሁት።»

«ልጆቹ እስካሁን ሌላ ወሬ የላቸውም! ትምህርት ቤቱን ሁሉ አዳረሱት።»

ቁጭ ብላ ነገረችው፤ ስፒናውን፣ ማጉያውን፣ ጨለማውን። መሃል ላይ ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«መቼ ነው የቆመው?» አለ።

«መጀመሪያ ላይ። ጥቂት ልጆች እንዳዩ።»

ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር። አውጥቶ ለመናገር የደፈረው እሱ ነው።

«እኔ እንግዲህ መነጽሬን አውልቄ ስለነበር» አለ፣ «ብዙም ጥርት ብሎ አልታየኝም ነበር። ልጆቹ ፊት ደግሞ . . .»

«ገብቶኛል ወንድሜ። አንተን ልወቅስ አልመጣሁም።»

«እና ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልነግራቸው ነው።»

ደብተሩን ዘጋው። «እትዬ፣ ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። አሁን ክፍል ገብተው ‹ሁላችሁም ዋሽታችኋል› ቢሏቸው ማን ይጠቀማል?»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። እነሱ ሲጠየቁ መለሱ።»

«ይተዉት። በኔ ይሁንብዎ።»

«ልጅቷስ?»

«የትኛዋ?»

«ረጅሟ። አላየሁም ያለችው።»

አስተማሪው ወደ መስኮቱ ዞረ። ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ይመታሉ። ኳሱ ከአጥሩ ስር ሲንከባለል ከመሃላቸው አንዱ በጩኸት ተጣራ፦ «ጨለማ! ኳሱን አቀብይን!» አጥሩን ተደግፋ የቆመችው ረጅም ልጅ ጎንበስ ብላ ኳሱን መለሰች። በስሟ የጠሯት ያህል ነው የመለሰችው።

«መቼ ነው እንዲህ ያሏት?» አለች አስጎብኚዋ።

«ያኔውኑ፤ ገና አውቶቡስ ውስጥ። ልጆች ናቸው እትዬ፤ ሲሰለቻቸው ይተዉታል።»

ደወል ተደወለ። አስተማሪው ተነሳ፤ እሷም ተከተለችው። በሩ ላይ አላስቆማትም።

መንገድ ላይ ሳለች በሐሳቧ ያሰናዳችው ነገር ነበር። ጥፋቷን ትናገራለች፤ ከዚያ «ከሁላችሁ እውነቱን የተናገረችው አንዲት ልጅ ናት» ትላለች፤ ክፍሉ ያጨበጭብላታል። ጭብጨባው ሳይቀር ተሰምቷት ነበር። በኋላ ላይ ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት ይህ ነው፤ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሄድ እንኳ አምራ የምትወጣበትን መንገድ አዘጋጅታ መሄዷ።

ክፍሉ ብድግ ብሎ ተቀበላትና ተቀመጠ። ሰሌዳው ፊት ቆማ ነገረቻቸው። ቀለል ባለ ቃል፣ ምንም ሳታስቀር። «ስለዚህ ፀሐይን ያያችሁት ከፊት የነበራችሁት ጥቂቶቹ ናችሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ የወጣችሁት ጨለማ ነው ያያችሁት። የኔ ጥፋት ነው። ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁም።»

የፊት ወንበር ላይ ያለ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ከፊት ነበርኩ።»

«እኔም ከፊት ነበርኩ» አለች አጠገቡ ያለችው።

«እኔ ካንቺ በፊት ነው የወጣሁት።»

«ውሸታም! እኔ ጋ ነበርክ፣ ሲገፉህ ነበር።»

«እኔ ሁለተኛ ነበርኩ።»

«እኔ ነኝ ሁለተኛ!»

በየወንበሩ እጅ ወጣ። ክፍሉ ሙሉ ከፊት ነበር። አስተማሪው ነገሩን ሊያቀልለው ፈልጎ ይሁን ራሱን ሊያድን፣ «ሁላችሁም ከፊት ከነበራችሁ ከኋላ የነበረው ማን ነው ታዲያ?» አለ።

ሁሉም ዞሩ።

«ጨለማ!» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ። ያው ሳቅ ነው፤ የሚያስተጋባ ጉልላት ብቻ ነው የጎደለው።

«ዝም በሉ» አለች አስጎብኚዋ። ድምፅዋ የድሮው የአስተማሪ ድምፅ ሆኖ ወጣ፤ ዝም አሉ። «እሷ ልክ ነበረች። ከሁላችንም እውነቱን የተናገረችው እሷ ናት። ያሾፍኩባት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ስሟ ሲነሳ እንደሚደረገው ቆመች። እጅጌዋ ጣቶቿን ሸፍኗል። ያጨበጨበ የለም።

«ቲቸር፣ እኔም አይቻለሁ» አለች።

«የኔ ልጅ፣ ልታዪ አትችይም ነበር። ልልሽ የፈለግኩትም . . .»

«መጨረሻ ላይ አይቻለሁ።»

አስጎብኚዋ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ልጆችን ያልጠየቀችውን ጥያቄ ጠየቀቻት።

«ምን አየሽ?»

«እንደነሱ» አለች ልጅቷ።

ከዚያ ተቀመጠች። አስተማሪው ጠመኔ አነሳ፤ አስጎብኚዋ ወጣች።

ከግቢው ሳትወጣ የእረፍት ደወል ተደወለ። ልጅቷ ቧንቧው ጋ ስትደርስባት አስጎብኚዋ ፊቷን እየታጠበች ነበር። ልጅቷ ተራዋን እንደምትጠብቅ ሰው ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«ለምን መጡ?» አለች።

«ይቅርታ ልልሽ።»

«ክፍሉ ፊት ከሚሉኝ ብቻችንን ሆነን ቢሉኝ ይሻል ነበር።»

«እውነትሽን ነው።»

ልጅቷ ከቧንቧው ጠጣች፤ አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሥዕሌን ያወርዱታል?»

«ከፈለግሽ ዛሬውኑ።»

አሰበች። «የኔ ብቻ ከወረደ ያውቃሉ። ሁሉንም ያውርዷቸው።»

«ሁሉንም አወርዳለሁ።»

«ለነሱ ግን ‹እሷ ናት ያለችው› እንዳይሉ።»

«አልልም።»

«እሺ» አለች ልጅቷና ወደ አጥሩ ሄደች። በመሃል አንዱ በቅጽል ስሟ ጠራት፤ እጇን አነሳችለት።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው አዳራሹ ሲደርስ አስጎብኚዋ ወንበር ላይ ቆማ የመጨረሻዎቹን ሥዕሎች ትልጣለች።

«ምን እያደረግሽ ነው? ነገ እንግዳ አለብን እኮ።»

«አላዩትም» አለች ሳትዞር። «ያላዩትን ነው የሳሉት። ሞተሩን ነቅዬ ረስቼ ነው።»

ነገሩን ሁሉ ሰማ። ጭንቅላቱን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚያስበው ስለ እንግዳው ነበር። «እና ይሄን ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።»

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«አሁን እኔ ለእንግዳው ምን እላለሁ?» አለ። ባዶውን ግድግዳ፣ ከላይ የቀረውን ጽሑፍ አየ። «ቢያንስ ይሄን ጽሑፍም አውርጂው፤ ብቻውን ያስቃል።»

ጽሑፉንም አወረደችው። ከዚያ ወር ጀምሮ ከእያንዳንዱ ልጅ በፊት ራሷ ስለምታይ ወረፋው ስለዘገየ፣ ኃላፊው በሳምንት የሚገቡትን ክፍሎች ቀነሰ። ሁለት ትምህርት ቤቶች ስልክ እየደወሉ ተቆጡ። «እኔ እጅ ሳያይ የወጣ ልጅ የለም» የምትለውን ነገር ከዚያ በኋላ ከአፏ የሰማ የለም። ባሏ ራሱ «በሰላም ወረዱ?» ማለቱን ትቶ «ራት ቀርቧል» ይላታል።

በዓመቱ ያንኑ ክፍል እንደገና ጋበዙት። ከአንዲት ልጅ በቀር ሁሉም መጡ።